ከሁለት ወጣት የመስመር ተጫዋቾች የትኛው ይሻላል? ከውድድር ዘመኑ በፊት ለመመዘን የሚረዳ የንጽጽር መመሪያ

በ2021 የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ውድድር ዘመን ዋዜማ የፊላደልፊያ ኢግልስ አሰልጣኞች ለግራ ታክል፣ ማለትም በማጥቃት መስመሩ ግራ ጫፍ ለሚሰለፈው ተጫዋች ቦታ ከሁለት ወጣቶች አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። አንደኛው አንድሬ ዲላርድ ነበር። በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረውን የማጥቃት መሪ) ሲጠብቅ የኖረ፣ እግሩ ቀላል የሆነና ክለቡ በ2019 ድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ዓመታዊ ሥነ ሥርዓት) ተራውን ለማስቀደም ተጨማሪ ዋጋ ከፍሎ በ22ኛ ደረጃ የወሰደው ልጅ ነው። ሁለተኛው ጆርደን ማይላታ ከሲድኒ፣ አውስትራሊያ የመጣ የራግቢ ተጫዋች ሲሆን፣ በ2018 ድራፍት በሰባተኛው ዙር በ233ኛ ደረጃ ሲመረጥ አንድም የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ተጫውቶ አያውቅም ነበር። የሁለቱን መዝገብ ብቻ ላየ ሰው ምርጫው የሚያከራክር አይመስልም። አሰልጣኞቹ ግን ማይላታን መረጡ፤ ክለቡም በዚያው ሴፕቴምበር የአራት ዓመት ውል አስፈረመው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢግልስ ሱፐር ቦውልን (የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ) ሲያነሣም የግራ ታክሉ እሱ ነበር።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ምርጫ ለሚገጥመው ወይም ቡድኑ የሚያደርገውን ምርጫ አውቆ ለመከታተል ለሚፈልግ ሰው ነው። የምሟገትለት ነጥብ አንድ ነው፦ ወጣት የመስመር ተጫዋችን ስንመዝን መቁጠር ያለብን የስህተቱን ብዛት ሳይሆን የስህተቱን ዓይነት ነው። በአራት ሳምንት ልምምድ የሚታረም ስህተት አለ፤ በአራት ዓመትም የማይታረም አለ። በቴሌቪዥን ሲታዩ ግን ሁለቱም ኳርተርባኩ መሬት ላይ ወድቆ ነው የሚያልቁት፤ ስለዚህ ውጤቱን ብቻ የሚያይ ሰው ሊለያቸው አይችልም።

ለመግባባት ያህል ጥቂት ነገሮችን ላስቀድም። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። የማጥቃት መስመሩ አምስት ተጫዋቾች ከግራ ወደ ቀኝ ግራ ታክል፣ ግራ ጋርድ፣ ሴንተር፣ ቀኝ ጋርድና ቀኝ ታክል ይባላሉ። ሥራቸው ሁለት ነው፦ ኳርተርባኩ ኳሱን እስኪወረውር ድረስ መጠበቅና ለሯጩ መንገድ መክፈት። ኳርተርባኩን ለመጣል የሚመጣውን የተጋጣሚ ተጫዋች በተለመደው ስሙ ራሸር እለዋለሁ፤ ሴንተሩ ኳሱን ወደ ኋላ ከሰጠበት ጊዜ አንሥቶ ጨዋታው እስኪቆም ያለውን አንድ ዙር ደግሞ ስናፕ እለዋለሁ። ቡድኖቹ በጁላይ መጨረሻ ወደ ልምምድ ካምፕ የሚገቡት እስከ 90 የሚደርሱ ተጫዋቾችን ይዘው ነው። ሦስት የቅድመ ውድድር ጨዋታዎችን ካደረጉ በኋላ በኦገስት መጨረሻ ቁጥራቸውን ወደ 53 ያወርዳሉ። ንጽጽሩም መጠናቀቅ ያለበት በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው።

መጀመሪያ እግርን፣ ከዚያ እጅን

ታክሉ ኳርተርባኩን ሲጠብቅ ወደ ኋላና ወደ ውጭ እየተንሸራተተ ይሄዳል። የውጩ እግር ይቀድማል፣ የውስጡ ይከተላል፤ ሁለቱ መነካካትም ሆነ መጠላለፍ የለባቸውም። እግሮቹ በተነካኩባት ቅጽበት ሰውየው 140 ኪሎ ቢመዝን እንኳ በአንድ ዘንግ ላይ እንደቆመ ይቆጠራል፤ ብልህ ራሸር የሚጠብቀውም ያችን ቅጽበት ነው። ስለዚህ ሁለት ወጣቶችን ጎን ለጎን ሲያዩ ዓይንዎን ከኳሱ ላይ አንሥተው በአንድ ተጫዋች ቁርጭምጭሚት ላይ ያሳርፉ። ለአሥር ስናፕ ያህል ይህን ብቻ ቢያዩ፣ ሙሉ ጨዋታ ኳሱን ተከትለው ከሚያገኙት የበለጠ ይማራሉ።

ከእግር ቀጥሎ ጉልበት ይመጣል። ጉልበቱን አጥፎ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ዝቅ የሚል ተጫዋች የተጋጣሚውን ግፊት በጭኑና በዳሌው ይቀበላል። ከወገቡ የሚጎነበስ ግን ጭንቅላቱ ከእግሩ ስለሚቀድም፣ ራሸሩ ክንዱን መትቶ ሲያልፈው በደረቱ ይደፋል። ይህ መጎንበስ ከሁለት ምክንያቶች ከአንዱ ይመጣል። አንደኛው ድካም ወይም የቆየ ልማድ ነው፤ ይህ በልምምድ ይታረማል። ሁለተኛው የዳሌና የቁርጭምጭሚት አለመተጣጠፍ ነው፤ ይህን ለመለወጥ አሰልጣኝ ያለው አቅም ትንሽ ነው። ሁለቱን ለመለየት በመጀመሪያው ሩብና በጨዋታው መጨረሻ ያለውን አቋቋም ማነጻጸር ይጠቅማል። ሲጀምር ዝቅ ብሎ ሲጨርስ የሚጎነበሰው ደክሞታል፤ ከመጀመሪያው ስናፕ ጀምሮ የሚጎነበሰው ግን ምናልባት አካሉ አልታዘዘለትም።

የእጅ ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሰዓት ስህተት ነው። ቶሎ የሚመታ ወጣት ክብደቱን አብሮ ይልካል፣ ራሸሩም እጁን ጠልፎ ያልፈዋል፤ ዘግይቶ የሚመታው ደግሞ ተጋጣሚው ደረቱ ላይ ገብቶ ወደ ኋላ ይገፋዋል። እጁን ከተጋጣሚው ደረት ውጭ፣ ወደ ትከሻና ወደ ክንድ የሚያሳርፍ ወጣት ደግሞ ዘወትር የሆልዲንግ (ተጋጣሚን ይዞ የማስቀረት) ጥሪ ያንዣብብበታል፤ 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) የሚያስቀጣው ይህ ጥፋት የአንድን ቡድን የማጥቃት ሂደት ብቻውን ሊያከሽፈው ይችላል። ይሁን እንጂ ስለ እጅ የምሰጠው ፍርድ ከእግር ይልቅ ለዘብ ያለ ነው። እጅ ይማራል። በኦገስት መጀመሪያ እጁን እንደ በር የሚከፍት ልጅ በዲሴምበር ክርኑን ሰብስቦ በትክክለኛው ሰዓት ሲመታ አይተናል፤ እግሩ የሚጠላለፍ ልጅ ግን በዲሴምበርም ሲጠላለፍ የምናየው ይበዛል።

ከሁሉ በላይ የምመዝነው ግን ተጫዋቹ ከተበለጠ በኋላ የሚያደርገውን ነው። በዚህ ደረጃ የማይበለጥ ታክል የለም። ራሸሩ በውጭ በኩል አንድ እርምጃ ሲቀድመው ወጣቱ ተስፋ ቆርጦ ማልያውን ይጨብጣል ወይስ ዳሌውን አዙሮ፣ እየሮጠ፣ ተጋጣሚውን ከኳርተርባኩ ጀርባ አሳልፎ ይገፋዋል? ከዚያም ያው ራሸር ያንኑ ዘዴ ከአምስት ስናፕ በኋላ ሲደግም ወጣቱ ሌላ መልስ ያገኝለታል ወይስ ያንኑ ስህተት ይደግማል? ለእኔ የአንድ ወጣት የመማር ፍጥነት ከዚህ በተሻለ የሚታይበት ቦታ የለም፤ ከሁለት ተጫዋቾች አንዱ ሦስት ጊዜ በሦስት ልዩ ልዩ ዘዴ ቢበለጥና ሌላው ሁለት ጊዜ በአንድ ዘዴ ቢበለጥ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ለሯጩ መንገድ በመክፈት በኩል ንጽጽሩ ይቀላል። ማን ከተጋጣሚው ዝቅ ብሎ ገባ፣ ማን ከተጋጨ በኋላ እግሩን ማንቀሳቀስ አላቆመም፣ ማን ከጎረቤቱ ጋር አንዱን ገፍቶ በጊዜ ተላቅቆ ከተጋጣሚው የፊት መስመር ኋላ ወደሚቆመው ተከላካይ፣ ወደ ላይንባከሩ ደረሰ የሚሉት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

አራት ታክሎች፣ አንድ ድራፍት

በ2020 ድራፍት በመጀመሪያዎቹ 13 ምርጫዎች ውስጥ አራት ታክሎች ተወሰዱ፤ አንድሩ ቶማስ በ4ኛ ደረጃ ለኒው ዮርክ ጃያንትስ፣ ጄድሪክ ዊልስ በ10ኛ ለክሊቭላንድ ብራውንስ፣ መካይ ቤክተን በ11ኛ ለኒው ዮርክ ጄትስ፣ ትሪስታን ዊርፍስ በ13ኛ ለታምፓ ቤይ በካኒርስ። በዚያ ዓመት በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የቅድመ ውድድር ጨዋታዎች በሙሉ ተሰርዘው ስለነበር አራቱም ከሌላ ክለብ ተጫዋች ጋር የተጋጠሙት ውጤት በሚቆጠርበት ሜዳ ላይ ነው። ለማነጻጸር የሚያስተምር ዓመት ቢኖር ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ቤክተንን በኮምባይን (ከድራፍት በፊት በሚደረገው የአካል ብቃት መለኪያ) ያየ ሁሉ ተደንቆ ነበር። ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 364 ፓውንድ ማለትም 165 ኪሎ ሆኖ ሳለ 40 ያርድ በ5.10 ሰከንድ ሮጠ። በመጀመሪያ ዓመቱም ተስፋ ሰጭ ነበር፤ ነገር ግን በ2021 የመጀመሪያው ሳምንት ጨዋታ ጉልበቱ ተጎዳ፣ በ2022 ደግሞ በልምምድ ካምፕ ዳግም ተጎድቶ ዓመቱን ሙሉ ከሜዳ ራቀ። ጉዳት የማንም ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን በሁለት ወጣቶች መካከል ስንመርጥ ያ ክብደት በዚያ ጉልበት ላይ ለ17 ሳምንታት ምን እንደሚያደርግ መጠየቅ የመዛኙ ግዴታ ነው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም እንደሚባለው፣ ግሩም አካል ወጣቱን እስከ ድራፍቱ መድረክ ያደርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ብቻውን አይሠራለትም። የቤክተን ታሪክ በዚህ እንዳላበቃም መታወስ አለበት፤ በ2024 ኢግልስ ወደ ቀኝ ጋርድነት ቀይሮት ሱፐር ቦውል ካሸነፈው መስመር አንዱ ሆነ። ስለዚህ የ2020ው ጥያቄ ቤክተን ይችላል አይችልም የሚል ብቻ ሳይሆን የትኛው ቦታ ይስማማዋል የሚልም መሆን ነበረበት።

ቶማስ በመጀመሪያ ዓመቱ ብዙ ተወቀሰ፤ ከአራቱ ቀድሞ መመረጡም ስህተት ነው ተብሎ ተጻፈ። ሆኖም ስህተቶቹን በጥንቃቄ ላየ ሰው አብዛኞቹ የእግር አረጋገጥና እጅን በሰዓቱ ያለመሰንዘር ስህተቶች ነበሩ፤ በዚያ ላይ በውድድሩ አጋማሽ የመስመሩ አሰልጣኝ ተባርረው ሌላ ተተኩ፣ ቁርጭምጭሚቱም ታምሞ ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2022 ከሊጉ ምርጥ ታክሎች አንዱ ተብሎ በሁለተኛው የኦል ፕሮ (የዓመቱ ምርጦች) ቡድን ተመረጠ። በየሳምንቱ አዲስ ነገር እየተነገረው ሥራውን የሚማር ልጅ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው፤ የተፈታው መታጠቂያው ነው እንጂ ወገቡ አይደለም። ያንን የለየ መዛኝ ቶማስን በ2020 መጨረሻ ተስፋ አይቆርጥበትም ነበር።

ዊልስ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የተጫወተው በቀኝ ታክልነት ነው። የቡድኑ ኳርተርባክ ቱዋ ታጎቫይሎዋ ግራኝ ስለነበር ከጀርባው የሚመጣውን የሚጠብቅለት ዊልስ ነበር፤ ብራውንስም ይህን ይዞ ወደ ግራ አዛወረው። ከአምስት የውድድር ዘመን በኋላ ተጫዋቹና ክለቡ ተለያዩ። ዊርፍስ ግን በአይዋ ዩኒቨርሲቲ በብዛት በተሰለፈበት በቀኝ በኩል ጀመረ፤ ዩኒቨርሲቲው በመስመር ተጫዋቾች አሰለጣጠን ስሙ የታወቀ ነው፤ ከኋላው የቆመውም ኳሱን ቶሎ የሚለቀው ቶም ብሬዲ ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ ሱፐር ቦውል አሸነፈ፣ በሁለተኛው የመጀመሪያው የኦል ፕሮ ቡድን አባል ሆነ፣ ወደ ግራ የተዛወረውም ሦስት ዓመት ከተጫወተ በኋላ በ2023 ነው። ዊርፍስ ከሦስቱ የላቀ ተሰጥኦ ነበረው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ከአራቱም በተሻለ ሁኔታ የተያዘው እሱ እንደሆነ መካድ አይቻልም። ሁለት ወጣቶችን ስናነጻጽር ሁለት አያያዞችንም እያነጻጸርን እንደሆነ አንርሳ።

የኮምባይን ቁጥርን በተመለከተ ተቃራኒውን ምሳሌ ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ኦርላንዶ ብራውን ትንሹ በ2018 ኮምባይን 40 ያርድ በ5.85 ሰከንድ ሮጦ፣ 225 ፓውንድ የሚመዝነውን ብረት 14 ጊዜ ብቻ አንሥቶ ስሙ ወደ ታች ወረደ፤ ባልቲሞር ሬቨንስ በሦስተኛው ዙር በ83ኛ ደረጃ ወሰደው፤ ከሁለተኛ ዓመቱ ጀምሮ ለአራት ተከታታይ ዓመታት ለፕሮ ቦውል (ለሊጉ የኮከቦች ጨዋታ) ተመረጠ፤ ከካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ጋርም ሻምፒዮን ሆነ። የመስመር ተጫዋች በጨዋታ 40 ያርድ በቀጥታ የሚሮጠው ስንት ጊዜ ነው? ከቁጥሮቹ አንዱን ማየት ካስፈለገ የመጀመሪያዎቹን 10 ያርድ ሰዓት ማየት ይሻላል፤ ሥራው የሚያልቀው እዚያ ውስጥ ነውና።

የክንድ ርዝመት፤ ታክል ወይስ ጋርድ?

በየዓመቱ ከድራፍት በፊት የሚነሣ ክርክር ነው። ብዙ መዛኞች ታክል ለመሆን ክንድ ቢያንስ 33 ኢንች፣ ማለትም 84 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት ይላሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በሁለት ሰዎች ግጭት እጁ ቀድሞ የሚደርስ ሰው ሌላውን ያርቀዋል፣ የውጩ ሜዳ ሰፊ ስለሆነም ታክሉ የጎደለውን ርቀት የሚሞላለት ጎረቤት የለውም። ጋርዱ ግን በሁለት ሰዎች መካከል የሚሠራና ተጋጣሚውም ቅርቡ የሚቆም ስለሆነ ከርዝመት ይልቅ ጉልበትና ዝቅ ማለት ይጠቅመዋል።

የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ልጆች ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ናቸው። ራሾን ስሌተር ክንዱ 33 ኢንች ሲሆን በ2021 በ13ኛ ደረጃ ለሎስ አንጀለስ ቻርጀርስ ተመረጠ፤ ጋርድ ይሁን የሚሉ ቢኖሩም ክለቡ በግራ ታክልነት አሰልፎት በዚያው ዓመት በሁለተኛው የኦል ፕሮ ቡድን ገባ። በዩኒቨርሲቲው ቦታውን የተረከበው ፒተር ስኮሮንስኪ ክንዱ 32¼ ኢንች ነበር፤ ቴነሲ ታይታንስ በ2023 በ11ኛ ደረጃ ወስዶ ወደ ግራ ጋርድ አስገባው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ለውሳኔው ግን አንዱ ምክንያት ሆኗል። በ2025 ደግሞ ኒው ኢንግላንድ ፓትርዮትስ በኮምባይን 32⅝ ኢንች የተለካውን ዊል ካምቤልን በ4ኛ ደረጃ ወስዶ በግራ ታክልነት አሰለፈው፤ ይህም ክለቦች ራሳቸው በጉዳዩ ላይ እንዳልተስማሙ ያሳያል።

የእኔ አቋም እንዲህ ነው። ክንድ አይረዝምም፤ ስለዚህ ከማይታረሙት ጉድለቶች ወገን ነው። ነገር ግን በሌላ ነገር ሊሸፈን ይችላል፤ የሚሸፍነው ደግሞ እግር ነው። አጭር ክንድ ያለው ወጣት ከራሸሩ በፊት ቦታው ላይ የሚደርስ ከሆነ ጉድለቱ አይታይም። ክንዱ አጭር፣ እግሩም የዘገየ ከሆነ ግን የታክል ሙከራውን ትቶ በቶሎ ጋርድነትን እንዲለምድ ማድረግ ለራሱም ይበጀዋል። ከሁለት ወጣቶች አንዱ ረጅም ክንድና ደካማ እግር፣ ሌላው አጭር ክንድና ፈጣን እግር ቢኖራቸው ሁለተኛውን በታክልነት አሰልፌ እጀምራለሁ።

ወደ ሌላ ጎን ስለ ማዛወር

ከግራ ወደ ቀኝ መዛወር በቴሌቪዥን ለሚያይ ሰው ቀላል ይመስላል። ለተጫዋቹ ግን ወደ ኋላ የሚረግጠው እግር፣ ቀድሞ የሚመታው እጅ፣ ዳሌው የሚዞርበት አቅጣጫ ሁሉ ይገለበጣል፤ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ተደጋግሞ ሰውነት ውስጥ የገባን ነገር ማስረሳት ነው። ዲላርድ ራሱ በ2019፣ በጀማሪነት ዓመቱ፣ ከሲያትል ሲሆክስ ጋር በነበረው ጨዋታ በማያውቀው ቀኝ በኩል ተሰልፎ በእረፍት ሰዓት ተቀይሯል። ያችን ግማሽ ጨዋታ ብቻ ይዞ ስለ ዲላርድ መፍረድ ፍትሕ አይሆንም ነበር።

ፔኔይ ሱወል ደግሞ በኦሬገን ዩኒቨርሲቲ ግራ ታክል ነበር፤ በ2020 ሳይጫወት ቀርቶ በ2021 በ7ኛ ደረጃ ለዲትሮይት ላየንስ ተመረጠ፤ ቡድኑም በቀኝ በኩል ሊያሰልፈው ወሰነ። በዚያ ኦገስት በቅድመ ውድድር ጨዋታዎች ሲቸገር ያዩ ሰዎች ተሳስተናል ወይ ብለው ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በሊጉ ከሁሉ የተሻለ ቀኝ ታክል እሱ ሆነ ቢባል ብዙ ሰው አይከራከርም፤ በ2023ና በ2024 በመጀመሪያው የኦል ፕሮ ቡድን ተመርጧል። በኦገስት ያየነው ችግር ጎን የመቀየር ችግር ነበር እንጂ የችሎታ አልነበረም። ስለዚህ የተዛወረን ወጣት ካልተዛወረ ጋር ሲያነጻጽሩ የተዛወረውን ቢያንስ እስከ ውድድሩ አጋማሽ ይታገሡት። ቡድንዎ አንድ ክፍተት ለመሙላት ሲል በቦታው ጥሩ የሆነውን ወጣት የሚያዛውር ከሆነ ደግሞ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው እንዳይደርስ ያስቡበት፤ አንድ የደከመ ቦታ ሁለት ሊሆን ይችላል።

ሴንተር ሌላ ሚዛን ይፈልጋል

ሴንተሩ ኳሱን ከመስጠቱ በፊት የተጋጣሚውን አሰላለፍ አንብቦ ለጎረቤቶቹ ማን ማንን እንደሚይዝ ይነግራል። ስለዚህ ሁለት ወጣት ሴንተሮችን ሲያነጻጽሩ ከአካላቸው ይልቅ ከስናፑ በፊት ያለውን እንቅስቃሴያቸውን ይመልከቱ፦ ማን በጊዜ ይጠቁማል፣ የማን ጎረቤቶች ግራ ተጋብተው እርስ በርስ ይተያያሉ? የቀድሞው የኢግልስ ሴንተር ጄሰን ኬልሲ በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ያለ ስኮላርሺፕ በሯጭነት ጀምሮ፣ በላይንባከርነት አልፎ ወደ መስመሩ የገባ ሰው ነበር። በ2011 ከድራፍት በፊት ክብደቱ 280 ፓውንድ ማለትም 127 ኪሎ ገደማ ስለነበር ለቦታው ቀጭን ተብሎ በስድስተኛው ዙር በ191ኛ ደረጃ ተመረጠ። በዚያ ዓመት በክለብ ባለቤቶችና በተጫዋቾች ማኅበር አለመግባባት ምክንያት የጸደይ ልምምድ አልነበረም፤ እሱ ግን በአንድ ካምፕ ብቻ ቦታውን ከነባሩ ተጫዋች ወስዶ 16ቱንም ጨዋታዎች ጀመረ፤ በዘመኑም ስድስት ጊዜ በመጀመሪያው የኦል ፕሮ ቡድን ተመርጧል። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድኖች ውስጥ ልጆቻቸው በዚህ መስመር ለሚሰለፉላቸው ወገኖቻችን ይህን ምሳሌ ደጋግሜ ባነሣው አልሰለችም፤ ልጁን በግድ ከማክበድ ይልቅ የተጋጣሚን አሰላለፍ እንዲያነብ ማስተማር ዋጋ ያለው ሥራ ነው።

የኦገስት ማስረጃ ምን ያህል ይመዝናል?

በካምፑ የመጀመሪያ ቀናት ተጫዋቾቹ ሙሉ መከላከያ ትጥቅ ስለማይለብሱ በእነዚያ ቀናት ስለ መስመር ተጫዋች የሚነገር ሙገሳም ሆነ ወቀሳ ክብደት የለውም። ትጥቁ ከተለበሰ በኋላ የሚደረገው የአንድ ለአንድ ልምምድ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ልምምዱ በተፈጥሮው ለራሸሩ ያደላል፣ ምክንያቱም መስመር ተጫዋቹ የሚረዳው ጎረቤት የለውም፣ ራሸሩም እንደ ልቡ በሁለቱም በኩል ሰፊ ቦታ ያገኛል። እዚያ ማን አሸነፈ ሳይሆን በምን ተሸነፈ ብለው ይመዝግቡ።

በቅድመ ውድድር ጨዋታዎች ላይ ሦስት ነገሮች ያሳስታሉ። የመጀመሪያው የተጋጣሚው ደረጃ ነው። አንደኛው ወጣት በመጀመሪያው ሩብ ከነባር ራሸር ጋር 12 ስናፕ ተጫውቶ ሁለት ጊዜ ቢበለጥ፣ ሌላው በአራተኛው ሩብ ከሳምንት በኋላ ከሚቀነስ ተጫዋች ጋር 30 ስናፕ ያለ ስህተት ቢጫወት፣ የሁለተኛው ንጹሕ መዝገብ ከመጀመሪያው አይበልጥም። ሁለተኛው ቡድኖቹ እውነተኛ ዘዴያቸውን መደበቃቸው ነው። ሁለት ራሸሮች ቦታ ተለዋውጠው የሚገቡበት መጠላለፍና ከኋላ ተደብቆ የሚመጣ ተጨማሪ ሰው በኦገስት እምብዛም አይታይም፤ እነዚህ ደግሞ የጋርድንና የታክልን መግባባት የሚፈትኑ ናቸው። በኦገስት የተረጋጋ የሚመስል ወጣት በሴፕቴምበር ግራ የሚጋባው ብዙውን ጊዜ ለዚህ ነው። ሦስተኛው እርዳታ ነው። ታይት ኤንዱ (ከታክሉ ጎን የሚሰለፈው ኳስ ተቀባይ) በመንገዱ ላይ ራሸሩን ገፋ አድርጎት አለፈ? ጋርዱ ወደ ታክሉ ዞሮ ረዳው? ኳሱ በአንድ ሰከንድ ተኩል ተወረወረ? እንዲህ ባለ ስናፕ ወጣቱ አልተፈተነም፤ ስለዚህ ከንጽጽሩ ይውጣ። ያለ እርዳታ የቆየባቸውንና ኳርተርባኩ ኳሱን ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል የያዘባቸውን ስናፖች ብቻ ለይተው ከሁለቱም ወጣቶች እኩል ቁጥር ይውሰዱ። እኔ ከሃያ በታች በሆነ ቁጥር ላይ ቆሜ መፍረድ አልደፍርም።

ጨዋታ የሚተነትኑ ድርጅቶች ለተጫዋቾች የሚሰጧቸውን ነጥቦች መጠቀም ክፉ አይደለም፤ ግን ከውጭ ሆኖ ነጥብ የሚሰጥ ሰው በዚያ ስናፕ ማን ማንን እንዲይዝ እንደታዘዘ ሁልጊዜ አያውቅም። የሳክ (ኳርተርባኩ ኳሱን ሳይወረውር የተጣለበት) ቁጥርም ብቻውን አይበቃም፤ ኳሱን አልለቅ የሚል ኳርተርባክ የመስመሩ ጥፋት ያልሆነ ሳክ ያስቆጥርበታል። ከኮሌጅ የመጡበትን የአጨዋወት ሥርዓትም ያስገቡ። የዲላርድ ዩኒቨርሲቲ በአሰልጣኝ ማይክ ሊች ዘመን በአብዛኛው ኳስ በመወርወር ይጫወት ስለነበር፣ ልጁ እጅግ ብዙ የጥበቃ ስናፕ ይዞ ቢመጣም ለሯጩ መንገድ የመክፈት ልምዱ አነስተኛ ነበር። ማይላታ በተቃራኒው ምንም ይዞ አልመጣም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም መደበኛ ጨዋታ ሳይጫወት ከመስመሩ አሰልጣኝ ጄፍ ስታውትላንድ ጋር ከዜሮ ተማረ፤ በ2020 ዕድሉን ሲያገኝ ይሠራቸው የነበሩት ስህተቶች ከወር ወደ ወር ዓይነታቸው ይለዋወጥ ነበር። በሚቀጥለው ኦገስት አሰልጣኞቹ ያነጻጸሩት እንግዲህ የሚያድግን ተጫዋች ባለበት ከቆመ ጋር ነበር።

ስለ መጨረሻዎቹ ቦታዎች

ለመጀመሪያ ተሰላፊነት ያልበቁትን ሁለት ወጣቶች ስንመርጥ ሚዛኑ ይለወጣል። በጨዋታ ቀን አንድ ቡድን ስምንት የማጥቃት መስመር ተጫዋቾችን ካስመዘገበ በ47 ፈንታ 48 ተጫዋቾችን ማሰለፍ ይችላል፤ ስለዚህ ከአምስቱ ቀጥለው የሚመጡት ሦስቱ ከአንድ በላይ ቦታ መሸፈን አለባቸው። በአንድ ቦታ ላይ ትንሽ የሚሻል ወጣት ካለና ሌላው ሁለቱንም ጋርዶችና ሴንተርነትን ያለ ትልቅ ጉድለት የሚሸፍን ከሆነ ሁለተኛውን ይያዙ። ታክሎችም ላይ እንዲሁ ነው፤ በሁለቱም ጎን የሠለጠነው ይቅደም። የሚቀነሰው ወጣት በሌሎቹ 31 ክለቦች ካልተወሰደ ወደ ልምምድ ቡድኑ ሊመለስ ይችላል፤ የልምምድ ቡድኑ 16 ቦታ አለው። አካሉ ግሩም የሆነና ገና ያልበሰለ ልጅ በቅድመ ውድድር ጨዋታዎች ብዙ ከታየ ግን ሌላ ክለብ የመውሰዱ ዕድል ይጨምራል፤ ስለዚህ በመጨረሻው ጨዋታ አሰልጣኙ አንዱን ወጣት ከሦስት ስናፕ በኋላ ካስወጣው ተጠልቶ ነው ብለው ቶሎ አይፍረዱ፤ ሊደብቁት ፈልገውም ሊሆን ይችላል።